አረንጓዴ የበራላት ልጅ

በ2066 ዓ.ም. መስከረም ላይ ኮምቦልቻ ውስጥ እንደ ልብስ ሰፊ የሚፈለግ ሰው አልነበረም። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ለአንድ ልጅ የሚሰጠው አንዴ ብቻ ነው፤ አንደኛ ክፍል ሲገባ። ከዚያ እስከ ስድስተኛ ክፍል ያንኑ ይለብሳል። ልጁ ሲያድግ ልብሱም አብሮ እንዲያድግ፣ ከጫፉ ስንዝር ተኩል የሚሆን ጨርቅ ወደ ውስጥ ታጥፎ ይሰፋል። በየዓመቱ መስከረም እጥፋቱ ይፈታና ሁለት ጣት፣ ሦስት ጣት ይለቀቃል። ልብስ የሚሠሩት ማሽኖች ይህን ሥራ አይሠሩም። ሞክረው ነበር፤ ልጆች ዝም ብለው አይቆሙላቸውም።

ቦርከና ድልድይ አጠገብ ካሉት ሦስት ልብስ ሰፊዎች ረጅም ሰልፍ ያለባት ኤልዳና ግዛቸው ነበረች። ልጅ ማስቆም ታውቅበታለች። "ከተነቃነቅሽ ኪስሽ ጀርባሽ ላይ ይሰፋል" ትላለች፤ ልጂቱ ትንፋሿን ሳይቀር ትይዛለች። የኤልዳና ዕድሜ ሃምሳ ሁለት ነው፤ ቁመቷ አንድ ሜትር ከአርባ አንድ። ከጀርባ ያያት እንግዳ ደንበኛ "ሚጡዬ፣ እናትሽን ጥሪልኝ" ይላታል። እሷም ዘወር ብላ "እናቴን መጥራት እንኳ ያስቸግራል፤ እኔ ልታዘዝ" ትላለች። ደንበኛው ይደነግጥና በዋጋ ሳይከራከር ይሄዳል።

አጭር የቀረችው በምክንያት ነው። ልጅ ሳለች ከሁለቱ ዓይኖቿ ጀርባ፣ ልክ መሀል ላይ፣ ዕጢ በቅሎባት ነበር። ስሙ ክራኒዮፋሪንጂዮማ ይባላል፤ ኤልዳና "ከኔ ቁመት ይረዝማል" ትላለች። በዓመት ከሚሊዮን ልጅ አንዱን ወይም ሁለቱን ነው የሚይዘው። ዕጢው ራሱ እንደ ካንሰር አይዛመትም፤ ክፉው የሚቀመጥበት ቦታ ነው። የእድገት ትእዛዝ፣ ሰውነት ውሃውን እንዲይዝ የሚያደርገው ትእዛዝ፣ የዓይን ነርቭ ሥር፣ ሁሉም የሚያልፉት እዚያ ጠባብ መገናኛ ላይ ነው። በ2023 ሐኪሞች አወጡላት። የተረፋት ጠዋትና ማታ የአፍንጫ ጠብታ፣ በቀን ሦስት ክኒን፣ ግራና ቀኙን የማያይ ዓይን ነው። ፊት ለፊቷ ያለውን የመርፌ ቀዳዳ ጥርት አድርጋ ታያለች፤ ከጎኗ የቆመ ሰው ግን ካልተናገረ የለም። "ለስፌት የሚበቃ ዓይን ነው" ትላለች።

ኢክራም ልጇን ሉባባን ይዛ የመጣችው ማክሰኞ ማለዳ፣ ከትምህርት ቤት በፊት ነው። ኢክራም ደረቅ ወደቡ ላይ ሹፌር የሌላቸውን የጭነት መኪናዎች ታሰልፋለች፤ ሁልጊዜ ትቸኩላለች። ሉባባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ሦስተኛ ክፍል ገብታለች። በዚያ ዘመን የአያቶች ስም ተመልሶ መጥቶ ነበር፤ የሉባባ ክፍል ውስጥ ሁለት ደብሪቱ፣ አንድ ወርቄና አንድ አያሌው ነበሩ።

"እትዬ ኤልዳና፣ ቶሎ ይልቀቁላት፤ ፈረቃዬ ሊደርስ ነው።"

ኤልዳና ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ለካች። ትከሻ፣ ክንድ፣ ወገብ፣ ከወገብ እስከ ጉልበት። ከዚያ የደንበኞቿን ልክ በእርሳስ የምትጽፍበትን ወፍራም ደብተር ገለጠች። አየችው። እንደገና ለካች።

"አምና አልመጣችሁም?"

"አምና ልክ ነበር፤ ምኑን ላስለቅቅ ብዬ።"

"ዘንድሮም እኮ ልክ ነው።"

"ታዲያ ጥሩ ነዋ፤ ሳንለቅ እንሄዳለን!" ኢክራም ሳቀች።

ኤልዳና አልሳቀችም። ሉባባ የያዘችውን ኮዳ ውሃ ጨርሳ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጆግ ታይ ነበር።

"ልጠጣ?"

"ጠጪ።"

አንድ ብርጭቆ ጠጣች። ሁለተኛ ደገመች። ሦስተኛውን ስትቀዳ ኤልዳና ሜትሯን ጠቅልላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"ሲመሽ ለሽንት ስንቴ ትነሳለች?"

"ኧረ ይተዉኝ! ሦስቴ፣ አራቴ። አገሩ ሙቀት ነው፤ ልጅ ይጠጣል፣ ልጅ ይሸናል።"

"ራሷንስ ያማታል?"

"ጠዋት ጠዋት አመመኝ ትላለች። ግን በሩ ደኅና ናት ብሏል።"

በሩ ማለት የትምህርት ቤቱ በር ነው። በ2050ዎቹ መጀመሪያ በየትምህርት ቤቱ ተተክሏል። ልጁ ከፊቱ ሁለት ሴኮንድ ይቆማል፤ በሩ ያየዋል፤ አረንጓዴ ይበራል፤ ይከፈታል። ልብ፣ ሳንባ፣ ደም፣ ጆሮ፣ ጥርስ፤ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት በሽታ በሁለት ሴኮንድ። ቀይ ከበራ አይከፈትም፤ ልጁ ቦርሳውን ሳያወርድ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ተይዞለታል። ብዙ ልጅ አድኗል፤ ይህን የሚክድ የለም። ወላጆችም አረፉ። "ራሴን አመመኝ" ያለ ልጅ "በሩ ምን አለ?" ይባላል። "ደኅና ነህ አለኝ" ካለ፣ እንግዲህ ደኅና ነው፤ ጫማውን ያጥልቅ።

ኤልዳና ደብተሩን ወደ ኢክራም አዞረችው። "እይው። ይሄ በ2064 የለካሁት ነው፤ ይሄ የዛሬው። አንዲት ጣት አልጨመረችም። ኢክራም፣ እኔንም የጀመረኝ እንዲህ ነው።"

የኢክራም ፊት ጠቆረ። "እርስዎ ስላላደጉ አጭር ልጅ ሁሉ በሽተኛ ነው?"

"እንደሱ አላልኩም።"

"ሁለት ዓመት ሙሉ አረንጓዴ የበራላትን ልጅ!" ቀሚሱን ከጠረጴዛው ላይ አነሳች። "ነይ ሉባባ።"

ሉባባ ስትወጣ በቀኝ ትከሻዋ የሱቁን መቃን ገጨችና "ይቅርታ" አለችው። ኤልዳና እሷም በዚያ ዕድሜዋ ስንት መቃን ይቅርታ እንደጠየቀች ታውቃለች።

በማግስቱ ጠዋት ሱቋን ዘግታ ትምህርት ቤቱ ሄደች። ልጆቹ ተሰልፈው ይገባሉ። አንዱ ለበሩ ምላሱን ያወጣል፤ በሩ ምላሱንም አይቶ "አያሌው፣ ደኅና ነህ፣ ግባ" ይለዋል። ሉባባ ደረሰች። ቆመች። አረንጓዴ በራ።

"ሉባባ ሰይድ፣ ደኅና ነሽ፣ ግቢ።"

ሰልፉ ሲያልቅ ኤልዳና በሩ ፊት ቆመች። በሩ ለአዋቂ አይበራም፤ ጥያቄ ግን ይመልሳል።

"ክራኒዮፋሪንጂዮማ ታያለህ?" አለችው።

"ይህ በሽታ በ2059 ከዝርዝር ወጥቷል" አለ በሩ፣ ለሁሉም በሚናገርበት በዚያው ለስላሳ ድምፅ።

"ለምን?"

"ብርቅ በመሆኑ። የተሳሳተ ማስጠንቀቂያ ያበዛ ነበር። ሌላ ጥያቄ አለዎት?"

"የለኝም" አለች ኤልዳና። ከዚያ ደግሞ ለበር መልስ መስጠቷ ራሷን አናደዳት።

በምሳ ሰዓት ደረቅ ወደቡ ደረሰች። ሉባባ የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ስለሆነች ከቀትር በኋላ እናቷ ዘንድ ነው የምትውለው፤ የሠራተኞቹ ካፌ ውስጥ ጥግ ይዛ ሥዕል ትሥላለች፣ አጠገቧ ባለ ሁለት ሊትር ውሃ። ኢክራም ኤልዳናን ስታይ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"ይቅርታ ልጠይቅሽ አልመጣሁም" አለች ኤልዳና።

"እኔም ይጠይቁኝ አላልኩም።"

"አምስት ደቂቃ ስጪኝ። ከሉባባ ጋር አንድ ጨዋታ ልጫወት። አንቺ ዝም ብለሽ እይ።"

ከኪሷ ሁለት ትልልቅ የካፖርት ቁልፎች አወጣች፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ቢጫ። ከሉባባ ፊት ለፊት ተቀመጠችና እጆቿን ግራና ቀኝ ዘረጋች።

"አፍንጫዬን እይ። ዓይንሽን ከአፍንጫዬ እንዳትነቅዪ። ቁልፍ ሲነቃነቅ ካየሽ 'አየሁ' በይ።"

"እሺ" አለች ሉባባ። "አፍንጫሽ ላይ ክር አለ።"

"ተዪው ክሩን።"

ኤልዳና ቀዩን ቁልፍ አወዛወዘች። ሉባባ ዝም። ቢጫውን አወዛወዘች። ዝም። እጆቿን ትንሽ ወደ መሀል አቀረበች፤ እንደገና ቀዩን። ዝም።

"ቀዩን እኮ ነው!" አለች ኢክራም። "ሉባባ፣ ይኸው ቀዩ!"

"የቱ?" አለች ሉባባ፣ የኤልዳናን አፍንጫ እንዳየች።

"ትቀልዳለች። ይህቺ ልጅ ቀልድ ትወዳለች..."

"አልቀለደችም" አለች ኤልዳና፣ እጆቿን እንደዘረጋች። "እኔም አላየሁትም። በገዛ እጄ የያዝኩትን ቁልፍ እኔም አላየሁትም። እዚህ ካለነው ከሦስታችን ቁልፎቹን የምታዪያቸው አንቺ ብቻ ነሽ።"

ኢክራም ግራውን አየች፣ ቀኙን አየች፣ ልጇን አየች። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"ያ ረቢ" አለች፣ በቀስታ። ቀጥላም "ምን እናድርግ?"

እሱ ነበር ችግሩ። ዕጢ መኖሩን የሚያሳየው ሲቲ ስካን ነው፤ ልጅን እዚያ ውስጥ ማስገባት ግን ያለ በሩ ትእዛዝ ከተከለከለ አሥራ አራት ዓመት ሆኖታል። ክልከላው ያለ ምክንያት አልመጣም፤ ጨረር ለልጅ ጭንቅላት እንደ ዘበት የሚሰጥ ነገር አይደለም። በሩ ተሳስቷል የሚል ወላጅ ቅሬታ ማቅረብ ይችላል። ኢክራም እዚያው ስልኳ ላይ አየችው፤ መልስ የሚሰጠው በስድስት ወር ውስጥ ነው።

"የኔ ቀጠሮ ነገ ነው" አለች ኤልዳና።

ኤልዳና በየሁለት ዓመቱ ደሴ ወጥታ ሲቲ ስካን ትነሳለች፤ ዕጢው እንዳልተመለሰ ለማየት። ያለፈው ጊዜ ዕጢው ድሮ በነበረበት ቦታ ላይ አንዲት ትንሽ ነጥብ ታይታለች። "ምንም ላትሆን ትችላለች፤ በሚቀጥለው እናያታለን" ብለዋት ነበር። የሚቀጥለው ነገ ነው። ከነገው ቀጥሎ ያለው ደግሞ በ2068።

ይህን ለኢክራም አልነገረቻትም። "ሹራብ ያዢላት፤ ደሴ ይበርዳል" ብቻ አለቻት።

ሐሙስ ጠዋት ከኮምቦልቻ በአየር ላይ በገመድ በሚሄደው መኪና ወጡ። ሐረጎ ዳገት ላይ ጉም ወርዶ ስለነበር ከመስኮቱ ውጭ ነጭ ብቻ ነበር የሚታየው። ሉባባ ግንባሯን መስታወቱ ላይ ለጥፋ "ወተት ውስጥ ነን" አለች።  የኢክራም ባል ሰይድ ሚሌ መንገድ ላይ ጭነት እየተከታተለ ነበር፤ ሦስቴ ደውሎ ሦስቴም "ምን አሉ?" ብሏል፤ ሦስቴም "ገና አልደረስንም" ተብሏል።

ሲቲ ስካኑ የሚገኘው ከሆስፒታሉ ሕንፃ ኋላ፣ ሰው በማይበዛበት ክፍል ውስጥ ነው። አሁን የሚነሱበት በአደጋ የተጎዱ ትልልቅ ሰዎችና እንደ ኤልዳና ያሉ ጥቂት የድሮ ሕመምተኞች ናቸው። የሚያነሳቸው ጋሽ ክሩቤል ይባላል፤ ስልሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ማሽኑን "አሮጊቷ" ይላታል።

"ኤልዳና! አላረጀሽም እኮ። ግቢ፣ አሮጊቷን አሙቄያታለሁ።"

"ጋሽ ክሩቤል፣ ተራዬን ለዚህች ልጅ ይስጡልኝ።"

ጋሽ ክሩቤል ሉባባን አየ። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ።

"የበሩ ትእዛዝ የት አለ?"

"የለም። በሩ ይህን በሽታ አያውቀውም፤ ከዝርዝሩ አውጥተውታል።"

"እንግዲያ አይሆንም። ጨረር ነው ኤልዳና፣ ከረሜላ አይደለም። ብትሳሳቺስ?"

"ከተሳሳትኩ ደኅና ልጅ ጨረር አስነካሁ ማለት ነው። እናቷም ይህን ታውቃለች።"

"አውቃለሁ" አለች ኢክራም። ከመጡ ወዲህ የመጀመሪያ ቃሏ ነበር።

"ያንቺስ ነጥብ?" አለ ጋሽ ክሩቤል ወደ ኤልዳና ዞሮ። "ያቺን ነጥብ ዛሬ ልናያት አልነበረም?"

ኢክራም ቀና አለች። "የምን ነጥብ?"

"ሁለት ዓመት የቆየች ነጥብ ናት፤ ትቆይ" አለች ኤልዳናና ደብተሯን ዘርግታ ጋሽ ክሩቤል ፊት አስቀመጠችው። "ይሄን ይዩ። ዕድሜዋ ሰባት፣ ትከሻ፣ ክንድ፣ ወገብ። ይሄ ደግሞ የዚህ ሳምንት፣ ዕድሜዋ ዘጠኝ።"

ጋሽ ክሩቤል መነጽሩን መልሶ አድርጎ አነበበ። ጣቱን ከአንዱ ቁጥር ወደ ሌላው አመላለሰ።

"አንድ ናቸው።"

"አንድ ናቸው።"

"ውሃስ?"

ሉባባ ኮዳዋን አነሳችለት። ባዶ ነበር። "መሙያ አለ እዚህ?" አለችው።

 ጋሽ ክሩቤል ተነስቶ ከመሳቢያው ሥር አንድ የወረቀት ቅጽ አወጣ፤ ጠርዙ ቢጫ ሆኗል። "የባለሙያ ውሳኔ" ይላል ከላይ። "ይህ አልተሻረም" አለ። "ረስተውት ነው እንጂ አልተሻረም። ከተጠቀምኩበት አሥራ አራት ዓመቴ ነው። እስክሪብቶ አላችሁ?"

አልነበራቸውም። ጋሽ ክሩቤል እስክሪብቶ ፍለጋ እስከ እንግዳ መቀበያ ሄዶ ባዶ እጁን ተመለሰ፤ በዚያ ሁሉ ሕንፃ ውስጥ አንድ እስክሪብቶ ጠፋ። በመጨረሻ በኤልዳና የልብስ ሰፊ እርሳስ ፈረመ። ኢክራምም ከሥሩ ፈረመች፤ ስሟን ሁለቴ ጻፈችው።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለች ሉባባ ማሽኑን ስታይ።

"ቦምቦሊኖ" አለ ጋሽ ክሩቤል። "አንቺ ቀዳዳው ውስጥ ትገቢያለሽ።"

"ይበላኛል?"

"ጥርስ የላትም፤ አርጅታለች። አንድ ደቂቃ እንደ ድንጋይ ከተኛሽ ትመልስሻለች።"

"የልጅ መጠን ነው የምሰጣት፤ ከዚያ አላልፍም" አለ፣ ለኢክራም። ሉባባ እንደ ድንጋይ ተኛች። አልጋው ገባ፣ ወጣ። ከመስታወቱ ኋላ ሦስቱ ቆመው ስክሪኑን አዩ።

ሲቲ ስካን ላይ አጥንት ነጭ ነው፤ አንጎል ግራጫ። ነጩ ዙሪያውን እንደ ጎድጓዳ ሳህን ይዞት ግራጫው መሀል ላይ ያርፋል። ጋሽ ክሩቤል ምስሉን ከላይ ወደ ታች እየገለጠ ወረደ። ግራጫ፣ ግራጫ፣ ግራጫ። ከዓይኖቹ ጀርባ ሲደርስ እጁ ቆመ። እዚያ፣ አጥንት በማይኖርበት መሀል ቦታ ላይ፣ እንደ ተሰበረ የእንቁላል ቅርፊት ቀጫጭን ነጫጭ ቅስቶች ነበሩ፤ በመካከላቸው ጠቆር ያለ ከረጢት።

"ኖራ ነው" አለ ጋሽ ክሩቤል። "ይህ ዕጢ ኖራ ያበጃል። ኖራን ደግሞ እንደ አሮጊቷ አጥርቶ የሚያይ የለም።"

ኤልዳና ስክሪኑን ፊት ለፊት አየችው። የራሷን የድሮ ምስል ብዙ ጊዜ አይታለች። ትክክል መሆኗ ምንም አላስደሰታትም።

"ይሄ ነጭ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?" አለች ኢክራም። መልሱን ግን ከፊታቸው አንብባው ነበር።

ዶክተር በለጡ ተጠርታ በሩጫ መጣች። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ሐኪም ከሆነች ወዲህ ሥራዋ በአብዛኛው በሮች የወሰኑትን ማጽደቅ ነበር። ስክሪኑ ፊት ቆማ ምስሉን ደጋግማ ገለጠችው።

"ከመጽሐፍ ላይ በቀር አይቼው አላውቅም" አለች በመጨረሻ። ከዚያ ወደ ኢክራም ዞራ አጠገቧ ተቀመጠች። "እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ። ዕጢ ነው። የዓይኗን ሥር ተጭኖታል። ሌሎች ምርመራዎች እንጨምራለን፤ ግን ቦታው፣ ዕድሜዋ፣ ኖራው፣ ሁሉም አንድ ነገር ነው የሚሉት። ከዚህ በላይ ብንቆይ ዓይኗ ሙሉ በሙሉ ይጠፋ ነበር፤ ከዚያም የባሰ ሊመጣ ይችል ነበር። አሁን ግን መድረስ እንችላለን።"

"በሩ ደኅና ናት አለኝ" አለች ኢክራም። "በየቀኑ።"



ሉባባ በዘጠነኛው ቀን ኦፕራሲዮን ክፍል ገባች። ኦፕራሲዮኑ ሰባት ሰዓት ፈጀ። ሰይድ ከሚሌ መጥቶ ኮሪደሩ ላይ ጫማውን አውልቆ ተቀምጧል፤ ኢክራም ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች፤ ኤልዳና መርፌና ክር ይዛ የሰይድን የተቀደደ ጃኬት ክንድ ትሰፋለች፤ እጇ ሥራ ካልያዘ አእምሮዋ ክፉ ክፉውን ያስባል።

"ያቺ ነጥብዎ" አለች ኢክራም ድንገት። "ቢነግሩኝ ኖሮ እምቢ እል ነበር።"

"ለዚህ ነው ያልነገርኩሽ።"

ኢክራም መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። 

ከቀትር በኋላ ዶክተር በለጡ ወጣች። ሁሉንም አላወጡትም፤ ከዓይኑ ሥር ጋር የተጣበቀው ትንሽ ክፍል ቀርቷል፤ እሱን በሌላ ሕክምና ይከታተሉታል። ልጅቷ ግን ነቅታለች፤ ተናግራለችም። "ምን አለች?" አለ ሰይድ። "ራበኝ አለች" አለች ዶክተር በለጡ። ሰይድ ባዶ እግሩን ብድግ ብሎ ኮሪደሩን እስከ ጫፍ ሄዶ ተመለሰ፤ ለምን እንደሄደ ራሱም አያውቅም።

ሉባባ ከሦስት ሳምንት በኋላ ቤቷ ገባች። የግራ ጎኗ ይታያት ጀመር፤ የቀኙ ገና ነው። የአፍንጫ ጠብታ ታዘዘላት፤ እንዴት እንደሚጨመር ያሳየቻት ኤልዳና ናት። "ጭንቅላትሽን ወደ ኋላ አትጣዪ፤ ጉሮሮሽ ይጠጣዋል። እንዲህ፣ ወደ ጎን።" ሁለቱ መስታወት ፊት ቆመው እኩል ጨመሩ፤ እኩልም አስነጠሱ።

በጥቅምት የበሮች አስተዳደር ለጥያቄ ጠራቸው። ሦስት ሰዎች ከስክሪን ላይ ሆነው ጠየቁ። መሀል ያለው ሰውዬ ጨዋ ነበር፤ ድምፁን አንዴም ከፍ አላደረገም።

"ወይዘሮ ኤልዳና፣ እርስዎ ሐኪም ነዎት?"

"ልብስ ሰፊ ነኝ።"

"ልጅቷ መታየት እንዳለባት እንዲወስኑ ማን ፈቀደልዎ?"

"ማንም።"

"ታዲያ በምን ምክንያት?"

"ቀሚሷ አላጠረም" አለች ኤልዳና።

ሰውዬው ቀጣዩን ጥያቄ ከፊቱ ፈለገ፤ ለዚህ መልስ የተዘጋጀ ጥያቄ አልነበረውም። ዶክተር በለጡ የሉባባን ምስል ስክሪኑ ላይ አወጣችና ሳትጠየቅ መናገር ጀመረች። ይህ በሽታ ከዝርዝር የወጣው በሩ በብርሃኑ ብቻ ስለሚፈልገው ነው፤ ብርሃኑ ኖራ አያይም፤ ስለዚህ ይሳሳታል። ግን በሩ በየቀኑ ልጁን ያያል። ቁመቱን ያውቃል። ውሃ የያዘበትን ኮዳ ያያል። ስንት ጊዜ መቃን እንደገጨ ያያል። እነዚህን አንድ ላይ ደምሮ "ይህ ልጅ ሲቲ ስካን ይነሳ" ቢል በቂ ነው፤ የቀረውን ሲቲ ስካኑ ይናገራል።

ውሳኔው በአራተኛው ቀን መጣ። ለጋሽ ክሩቤል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፤ እሱ ደግሞ ስሙ በስህተት "ኪሩቤል" ተብሎ መጻፉን እንጂ ማስጠንቀቂያውን አላነሳም። ኤልዳና ቀጠሮዋን ለሌላ ሰው አሳልፋ በመስጠቷ እስከ 2068 ሌላ አይያዝላትም። በሽታው ወደ ዝርዝሩ ይመለሳል፤ ዶክተር በለጡ ባለችው መንገድ፣ ለሙከራ።

ውሳኔው በደረሰ በማግስቱ ዶክተር በለጡ ኤልዳናን አስጠርታ ያንኑ የወረቀት ቅጽ ሞላችላት። የራሷን እስክሪብቶ ገዝታ ነበር። ጋሽ ክሩቤል አነሳት። ነጥቧ ያለችበት ነበረች፤ አላደገችም፣ አልተንቀሳቀሰችም። የድሮው ቁስል ጠባሳ ሳትሆን አትቀርም አሉ። ኤልዳና ከሆስፒታሉ ወጥታ ፒያሳ ድረስ በእግሯ ሄደች፤ አንድ ኪሎ ብርቱካን ገዛችና ግማሹን መንገድ ላይ በላችው።

አዲሱ ዝርዝር በሮቹ ላይ የተጫነው ኅዳር ውስጥ በአንድ እሑድ ነው። ሰኞ ጠዋት በመላ አገሪቱ ከስምንት ሚሊዮን በላይ ልጆች በሮቻቸው ፊት ቆሙ። አሥራ አንድ በሮች አልተከፈቱም።

አሥራ አንዱ በየአካባቢያቸው ሲቲ ስካን ተነሱ። ሦስቱ ምንም አልተገኘባቸውም፤ ወላጆቻቸው ተቆጡ፤ መብታቸው ነው። ስምንቱ ላይ ነጩ ኖራ ታየ። ከስምንቱ አንዷ ጊምቢ ነበረች።

አባቷ ሐሙስ ጠዋት ደወለ። ኤልዳና የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ እጅጌ ትገጥም ነበር።

"ወይዘሮ ኤልዳና ነዎት? ገመቹ እባላለሁ፤ ከጊምቢ ነው። ዶክተር በለጡ ናት ስልክዎን የሰጠችኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሥራ ላይ ነዎት መሰለኝ።"

"ግድ የለም፣ ይናገሩ።"

"ልጄ ዲንቄ ትባላለች። ስምንት ዓመቷ ነው። ሰኞ በሩ አልከፈተላትም። ያው... ያንን ነገር ነው ያሉን። ስሙን መጥራት አልቻልኩም።"

"እኔም መጥራት የቻልኩት አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላኝ ነው።"

ሰውዬው ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ከኋላው ሴት ታለቅሳለች፤ አንድ ሰው ያባብላታል።

"ሐኪሞቹ ብዙ ነገር ነገሩን" አለ። "ብዙ ወረቀትም ሰጡን። ባለቤቴ ግን ምንም አልሰማም ብላለች። እኔ... አንዲት ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። እርስዎን የያዘዎት ልጅ ሆነው ነው አሉኝ።"

"ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።"

"አሁንስ ስንት ዓመትዎ ነው?"

"ሃምሳ ሁለት።"

 ሰውዬው ስልኩን ከአፉ ሳያርቅ፣ ጆሮዋን እስኪያደነቁራት ድረስ፣ ወደ ቤቱ ውስጥ ጮኸ።

"ሃምሳ ሁለት! ስሚ አንቺ፣ ሃምሳ ሁለት ናቸው!"